የስቶክሆልሙ የአስተዳደር ሠራተኛና 67ቱ ሸረሪቶች

ለእንስሳት ሳይንሳዊ ስም የሚሰጥበት ዓለም አቀፍ ሕግ የመነሻ ቀን አለው። ቀኑም ጃንዋሪ 1 ቀን 1758 ሲሆን ከዚያ አስቀድሞ ለየትኛውም እንስሳ የተሰጠ ስም፣ ሰጪው የቱንም ያህል የተከበረ ሊቅ ቢሆን፣ በሕጉ ፊት ተቀባይነት የለውም። ይሁንና ሕጉ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ የተለየ አንቀጽ አስፍሯል። መጽሐፉ በ1757 በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም የታተመ ሲሆን የሚናገረውም ስለ ሸረሪቶች ነው። ደራሲው የዩኒቨርሲቲ መምህር አልነበረም፤ የቤተ መንግሥት ሐኪምም አልነበረም። በስቶክሆልም ከተማ አስተዳደር ውስጥ ያገለግል የነበረ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ስሙም ካርል አሌክሳንደር ክሌርክ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሌርክ የተወለደው በ1709 ነው። በዚያን ጊዜ ስዊድን ከሩሲያና ከሌሎች ጎረቤቶቿ ጋር ረጅም ጦርነት ላይ ነበረች። ጦርነቱ በ1721 ሲያበቃ አገሪቱ የቀድሞ ኃያልነቷን አጥታ፣ ካዝናዋም ተራቁቶ ነበር። ቤተሰቡ ከዝቅተኛው የመኳንንት ወገን የሚመደብ ቢሆንም ማዕረጉ ሀብትን ያስከተለ አልነበረም። ወጣቱ በ1726 ወደ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ነገር ግን አቅሙ ውስን በመሆኑ ትምህርቱን ሳይገፋበት ለማቋረጥ ተገደደ። ከዚያም ወደ መንግሥት ሥራ ገብቶ ኑሮውን በደመወዝ መምራት ጀመረ፤ በኋላም በዋና ከተማዋ አስተዳደር ውስጥ ተመድቦ አገልግሏል።

እርሱ ኡፕሳላ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1728፣ ሌላ ድኻ ተማሪ ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ መጥቶ ነበር። ይህ ሰው በኋላ የዕፀዋትንና የእንስሳትን ዓለም በሥርዓት በመመደብ ስሙ የገነነው ካርል ሊኒየስ ነው። በዕድሜ በሁለት ዓመት ብቻ የሚበላለጡት እነዚህ ሁለት ወጣቶች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ይተዋወቁ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ የለም። አንደኛው ደጋፊዎች አግኝቶ በትምህርቱ ቀጠለ፤ ሌላኛው ወደ መዝገብና ወደ ደብዳቤ ሥራ አመራ።

መንገዳቸው የተገናኘው ከዓመታት በኋላ በ1739 ነው። በዚያ ዓመት የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ በስቶክሆልም ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው በከተማዋ በሕክምና ሙያ ይተዳደር የነበረው ሊኒየስ ነበር። ክሌርክ በዚያው ዓመት ሊኒየስ በስቶክሆልም የሰጠውን ትምህርታዊ ንግግር ተከታተለ። ዕድሜው 30 ዓመት ነበር። ስለ እርሱ የጻፉ ሰዎች እንደሚያስረዱት በተፈጥሮ ሳይንስ ላይ ያለው ፍላጎት የተቀሰቀሰው በዚህ አጋጣሚ ነው። ከዚያ ጊዜ አንስቶ የመንግሥት ሥራውን ሳይለቅ ሸረሪቶችን መሰብሰብ፣ መመልከትና መለየት ያዘ። መጽሐፉ እስኪወጣ ድረስም 18 ዓመታት ተቆጥረዋል።

ከእንስሳት ሁሉ ሸረሪትን መምረጡ ቀላል ነገር አልነበረም። ቢራቢሮና ጥንዚዛ በመርፌ ተወግተው ሣጥን ውስጥ ሲቀመጡ መልካቸውን ለብዙ ዓመታት ይጠብቃሉ። ሸረሪት ግን ሰውነቷ ለስላሳ በመሆኑ ስትደርቅ ትጨማደዳለች፤ ቀለሟም ይጠፋል። ስለዚህ ሸረሪትን በሚገባ ለማወቅ የሚሻ ሰው በሕይወት ሳለች ሊያያት፣ ሲያስፈልግም ሊሥላት ይገባል። በተጨማሪም ወንዱና ሴቷ በመጠንም ሆነ በቀለም እጅግ ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ አንዲቱን ዝርያ ሁለት ጊዜ የመመዝገብ ስሕተት ሁልጊዜ በደጅ የቆመ አደጋ ነው። ከዚህም ሌላ በዘመኑ ሸረሪት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንኳ ቁርጥ ያለ ስምምነት አልነበረም። ስምንት እግር ያላቸው ሌሎች ትናንሽ ፍጥረታትም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር።

ክሌርክ ሥራውን የጀመረው ይህንኑ ወሰን በማስመር ነው ማለት ይቻላል። በመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ዘጠነኛ ምዕራፍ ላይ እንዳብራራው፣ ሸረሪት የሚለውን ቃል የሚጠቀምበት ስምንት ዐይኖች ላሏቸውና የፊተኛው የሰውነት ክፍላቸው ከኋለኛው ተለይቶ ለሚታይ እንስሳት ብቻ ነው። ሁለት ዐይን ብቻ ያላቸውንና ሰውነታቸው በወገብ ሳይለይ አንድ ወጥ የሆነውን ረጃጅም እግር ፍጥረታት ከዝርዝሩ አስወጣቸው። ይህ የተለየ ውሳኔ ዛሬም ልክ ሆኖ ይገኛል፤ የተጠቀሱት ፍጥረታት የሸረሪት ዘመዶች እንጂ ሸረሪቶች አለመሆናቸውን ሳይንስ አረጋግጧል። ስምንት ዐይን የሌላቸው፣ ለምሳሌ ስድስት ዐይን ያላቸው፣ እውነተኛ ሸረሪቶች መኖራቸው የታወቀው ግን ከእርሱ በኋላ ነው።

መጽሐፉ የስዊድን ሸረሪቶች የሚል ርእስ ሲኖረው ዋናው ጽሑፍ በስዊድንኛ፣ ከሥሩ ደግሞ በመጠኑ አነስ ባሉ ፊደላት የላቲን ትርጉም ታትሟል። የአገሩ ሰው በአገሩ ቋንቋ እንዲያነበው፣ የውጭው ሊቅም በላቲን እንዲረዳው የተደረገ ዝግጅት ነበር። በመጨረሻው ላይ በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጸው በቀለም የተዋቡ ስድስት የሥዕል ገጾች ተያይዘዋል። አሳታሚው ላርስ ሳልቪየስ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የሊኒየስን ታላቅ መጽሐፍ ያሳተመውም ይኸው ሰው ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ 67 ዝርያዎች በዝርዝር ተገልጸዋል። አገላለጹ የመንግሥት መዝገብ ቤትን አሠራር የሚያስታውስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እያንዳንዱ ዝርያ በላቲን ስሙ ይጀምርና እንስሳው የተገኘበት ቀን በትክክል ይሰፍራል፤ ቀጥሎም ዐይኖቹ፣ እግሮቹና አካሉ በተራ ይዘረዘራሉ፤ በመጨረሻም ወንዱና ሴቷ የሚለያዩበት ነጥብ ይጠቀሳል። ይህ ቅደም ተከተል ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው ሲሄዱ አይዛነፍም። አንባቢ አንዱን ከሌላው ለማነጻጸር የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ ዝርያ አገኘሁ የሚል ተመራማሪ ዛሬ የሚያቀርበው ጽሑፍ በአጥንቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከሁሉ በላይ ግን ክሌርክን ለታሪክ ያበቃው የስያሜው አሰጣጥ ነው። ከእርሱ በፊት የእንስሳት ስም ማለት በላቲን የተጻፈ ረጅም መግለጫ ነበር። የእንስሳውን ቀለም፣ የሰውነቱን ቅርጽ፣ የሚኖርበትን ስፍራ ሁሉ ያካተተ ሐረግ እንደ ስም ይቆጠር ነበር። ይህም አንድን የቢሮ ፋይል በቁጥሩ መጥራት ሲቻል የውስጡን ጉዳይ ሁሉ እየዘረዘሩ እንደ መጥራት ያለ ነው። ሊኒየስ በ1753 ባሳተመው የዕፀዋት መጽሐፉ ይህን አስቀርቶ ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት ቃል ብቻ ያለው ስም ሰጠ። የመጀመሪያው ቃል የወገኑ፣ ሁለተኛው የዝርያው መለያ ነው። ይህንኑ ዘዴ ለእንስሳት ሳያወላውል በሥራ ላይ ያዋለው የመጀመሪያው መጽሐፍ ግን የራሱ የሊኒየስ አልነበረም፤ የክሌርክ እንጂ። ክሌርክ ለሸረሪቶቹ ሁሉ አራኔየስ የሚል አንድ የወገን ስም ሰጥቶ ከዚያ ቀጥሎ አንዲት የዝርያ መለያ ቃል ያስከትላል።

ከእነዚህ ስሞች መካከል ብዙዎቹ ዛሬም ያገለግላሉ። በአውሮፓ የአትክልት ስፍራዎች ክብ ድር የምታደራውና በጀርባዋ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ነጭ ነጠብጣብ የሚታይባት ሸረሪት አራኔየስ ዲያዴማተስ የተባለችው በክሌርክ ነው። ሴቲቱ በመኸር ወራት እንቁላሏን በሐር ጠቅልላ ካስቀመጠች በኋላ ትሞታለች፤ እንቁላሎቹ ክረምቱን አልፈው በጸደይ ይፈለፈላሉ። ኑሮዋን በውኃ ውስጥ ያደረገችው ሸረሪትም በዝርዝሩ ውስጥ ትገኛለች። ይህች ፍጥረት ከውኃው ወለል ላይ በሰውነቷ ፀጉር አየር ይዛ ትወርድና ከሐር በሠራችው ደወል መሰል ቤት ውስጥ ታከማቻለች፤ የምትተነፍሰውም ያንን ነው። በአበባ ላይ አድፍጣ ንብና ዝንብ የምትይዘው፣ ቀለሟንም እንደ አበባው ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ነጭ ልትለውጥ የምትችለው ሸረሪት፣ እንዲሁም ድር ሳታደራ በግድግዳ ላይ እየዘለለች የምታድነው ባለ ጥቁርና ነጭ መስመሯ ሸረሪት ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ መጽሐፍ ነው። ወንዱ ለሴቲቱ በሐር የተጠቀለለ ምግብ እንደ ገጸ በረከት ይዞ የሚቀርብባት ሸረሪትም አለች።

ሁሉም ስም ግን ጸንቶ አልቆየም። በአውሮፓ ሣር ላይ የምትኖር አንዲት አረንጓዴ ሸረሪት አለች፤ ሴቲቱ ከእግር እስከ ራሷ አረንጓዴ ስትሆን አካለ መጠን ያደረሰው ወንድ በሆዱ ላይ ቀይ መስመር አለው። ክሌርክ አረንጓዴውን ቪሬሴንስ፣ ሌላውን ደግሞ ሮዜየስ ብሎ ሁለት ዝርያ አድርጎ መዘገባቸው። የኋላ ተመራማሪዎች ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ስላረጋገጡ ሁለተኛው ስም ቀሪ ሆኗል። በ67ቱ ውስጥ ይህን የመሰሉ ሌሎችም አሉ። እንዲህ ያለው እርማት ሊደረግ የቻለው ግን ገለጻውና ሥዕሉ ማን የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በሚያስችል ጥንቃቄ ስለተዘጋጁ ነው። ደካማ ገለጻ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ እንኳ ባልታወቀ ነበር።

በ1758 የሊኒየስ የተፈጥሮ ሥርዓት የተባለው መጽሐፍ አሥረኛ እትም ወጣ። ከ4,000 በላይ የእንስሳት ዝርያዎች በሁለት ቃል ስያሜ የተመዘገቡበት ይህ እትም የእንስሳት ሥነ ምደባ መሠረት ሆኖ ይቆጠራል። ሊኒየስ በሸረሪቶች ረገድ የክሌርክን ስሞች በጥቂት ለውጥ ተቀብሏቸዋል። አራኔየስ የነበረው አራኔያ፣ ዲያዴማተስ የነበረው ዲያዴማ ሆነ። ለውጡ የፊደል ጉዳይ ይመስላል። ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ላሉት የሸረሪት ተመራማሪዎች ግን ትልቅ የሥራ ጣጣ የሚያስከትል ነበር፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ክሌርክ ከሸረሪቶቹ በኋላ ፊቱን ወደ ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች አዞረ። በወቅቱ የስዊድን ንግሥት የነበረችው ሎቪሳ ኡልሪካ ከሩቅ አገር የመጡ ነፍሳትን የምትሰበስብ፣ ስብስቧንም ሊኒየስ እንዲመድብላት ያደረገች ሰው ነበረች። ክሌርክ ብርቅ የሆኑ ነፍሳትን በቀለም ሥዕል የሚያሳይ ተከታታይ ኅትመት በ1759 ጀመረ። ከስሞቹ ብዙዎቹ የሊኒየስ፣ ሥዕሎቹ የክሌርክ ነበሩ። ሊኒየስ በጥቂት መስመር የገለጻቸውን በርካታ ቢራቢሮዎች ማንነት ለይቶ ለማወቅ ተመራማሪዎች እስካሁን ወደ እነዚህ ሥዕሎች ይመለሳሉ። ሆኖም ሥራው ከፍጻሜ አልደረሰም። ክሌርክ የሦስተኛውን ክፍል ዝግጅት በያዘበት በ1765 አረፈ። 56 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

አሁን ወደ ተነሣንበት ሕግ እንመለስ። የእንስሳት ስያሜ ሕግ ዋና መርሕ ቅድሚያ የሚባለው ነው። አንድ እንስሳ ሁለት ስም ካለው ቀድሞ የወጣው ይጸናል፤ ኋለኛው ይቀራል። ይህ መርሕ እንዲሠራ መቁጠር የሚጀመርበት ቀን መኖር አለበት። ቀኑም የሊኒየስ አሥረኛ እትም የወጣበት ዓመት እንዲሆን በመላው ዓለም ስምምነት ተደረሰ። እንግዲህ በዚህ ስሌት የ1757ቱ የክሌርክ መጽሐፍ በአንድ ዓመት ብቻ ከሕጉ ውጭ ሆነ ማለት ነው። ቀድሞ መውጣቱ ጥፋት ሆኖበት፣ የእርሱ ስሞች ወድቀው የሊኒየስ የተለወጡ ስሞች ሊጸኑ ነው። የሸረሪት ተመራማሪዎች ግን ለትውልድ የሚጠቀሙት በክሌርክ ስሞች ነበር፤ ገለጻውም ሆነ ሥዕሉ ከሊኒየስ አጭር መግለጫ እጅግ የተሻለ በመሆኑ ሊተዉት አልፈቀዱም።

ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን በ1959 የክሌርክ መጽሐፍ ለስያሜ አገልግሎት ተቀባይነት እንዲኖረው ወሰነ። የቀኑ ጉዳይ ግን ከዚያም በኋላ ማከራከሩ አልቀረም። እልባት ያገኘው በ1999 በታተመውና ከ2000 መባቻ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አራተኛው የሕጉ እትም ነው። አንቀጽ 3.1 የሊኒየስም ሆነ የክሌርክ መጽሐፍ ጃንዋሪ 1 ቀን 1758 እንደወጣ ይቆጠራል ይላል፤ ሁለቱ በተጋጩ ጊዜም በሸረሪቶች ረገድ የክሌርክ ስም ቅድሚያ እንዲኖረው ይደነግጋል። ሕግ አውጪዎች የቀን መቁጠሪያን ወደ ፊት ገፍተው አንድን የሞተ ሰው መብቱን ሲያስከብሩለት ማየት በየትኛውም የሥራ ዘርፍ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ተመራማሪዎች በበኩላቸው ከስሙ አጠገብ ክሌርክ፣ 1757 ብለው እውነተኛውን ዓመት መጻፋቸውን ቀጥለዋል።

በዚህ አጻጻፍ ላይ አንድ ጥቃቅን ሥርዓት አለ። ዝርያዋ ዛሬም ክሌርክ በመደባት ወገን ውስጥ ካለች ስሙና ዓመቱ ያለ ቅንፍ ይጻፋሉ። ወደ ሌላ ወገን የተዛወረች ከሆነ ግን በቅንፍ ይገባሉ። የመስቀሏ ሸረሪት ያለ ቅንፍ ስትጻፍ የውኃዋ ሸረሪት በቅንፍ ትጻፋለች። አብዛኞቹ የክሌርክ ሸረሪቶች በቅንፍ ውስጥ ናቸው፤ እርሱ በአንድ ስም ያሰባሰባቸውን የኋላ ሳይንስ በብዙ ወገኖች ከፋፍሏቸዋልና።

የክሌርክ መንገድ ወደ ሌሎች አገሮችም ደርሷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአንኮበር አቅራቢያ በልጥ ማረፊያ፣ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ በሰጡት ቦታ ላይ፣ ኢጣሊያዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ ነበር። አንቲኖሪ በ1882 በዚያው ሞቶ ተቀበረ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1883፣ የአገሩ ሰው ፒየትሮ ፓቬሲ የሸዋን ሸረሪቶችና ዘመዶቻቸውን የሚመለከት ከመቶ ገጽ በላይ የሆነ ጥናት በጄኖቫው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መጽሔት ላይ አወጣ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያለ ሲተርት በኖረ ሕዝብ አገር የሚገኙ ሸረሪቶች በሳይንስ መዝገብ በብዛት የገቡት እንዲህ ባለ ጊዜ ነበር። ጥናቱ የታተመው በሩቅ አገርና በባዕድ ቋንቋ መሆኑ ለዛሬው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ሥራውን እንደማያቀልለት ግልጽ ነው።

አንድ ሸረሪት አዲስ ዝርያ መሆኑን ለማወቅ በአሁኑ ጊዜ የሚደረገው ምርመራ ክሌርክ ካደረገው በብዙ የረቀቀ ነው። ቀለም አታላይ በመሆኑ ቁርጡ የሚታወቀው በማይክሮስኮፕ በሚመረመረው የመራቢያ አካል ቅርጽ ነው። ወንዱ ለዚህ የሚገለገለው ከአፉ አጠገብ ባሉት ሁለት አጫጭር መዳሰሻዎች ጫፍ ሲሆን የነዚህ ቅርጽ ከዝርያ ወደ ዝርያ ይለያል። የዘረመል ምርመራም ይታከልበታል። ከዚያ እንስሳዋ ቀደም ሲል ከተገለጹት ጋር አንድ በአንድ ትነጻጸራለች። ከናሙናዎቹ አንዱ ለስሙ ቋሚ ማስረጃ እንዲሆን ተመርጦ በአልኮል ውስጥ በሙዚየም ይቀመጣል፤ ገለጻው፣ ሥዕሉና ስሙም በታወቀ ኅትመት ይወጣሉ። ከ2012 ጀምሮ ሕጉ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የሚወጣ ኅትመትንም፣ በተወሰነው መዝገብ ከተመዘገበ፣ ይቀበላል። ሕጉ ግዴታ ያደረጋቸው ነገሮች ካልተሟሉ ስሙ እንደሌለ ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሚያስፈልግ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። በ2017 የወጣ ጥናት የዓለም ሸረሪቶች በየዓመቱ ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን የሚደርሱ ነፍሳትንና ሌሎች ትናንሽ እንስሳትን እንደሚመገቡ ገምቷል። ከሚበሉት ውስጥ ለሰብል ጠንቅ የሆኑ ይገኙበታል። የትኛዋ ሸረሪት በየትኛው ማሳ እንደምትኖር ለማወቅ ደግሞ አስቀድሞ በስም ለይቶ መጥራት ግድ ይላል።

በስዊዘርላንድ በርን ከተማ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚጠበቀው የዓለም ሸረሪቶች መዝገብ በኤፕሪል 2022 ሃምሳ ሺኛውን ዝርያ አስገብቷል። ዝርያው በደቡብ ብራዚል፣ በኡራጓይና በአርጀንቲና ቦነስ አይረስ አካባቢ በቁጥቋጦና በዛፍ ላይ የሚያድን ዘላይ ሸረሪት ነው። ስሙም ጉሪዩሪየስ ሚኑዋኖ ተብሏል። የዚህ መዝገብ ቀደምት ስሞች ዓመት 1757 ሲሆን ከአጠገባቸው የሰፈረው የደራሲ ስም የዚያ የስቶክሆልም ከተማ አስተዳደር ሠራተኛ ነው።